እንቁላል ያልነበረበት ሥልጠና

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጎረቤት «ልጅሽ ምንድን ነው የምትሠራው?» ብሎ ሲጠይቃት «ስብሰባ ትሠራለች» ነበር የምትለው። እሪ በከንቱ ውስጥ የሁሉም ሰው ሥራ በአንድ ቃል ይነገር ነበር። ከቤታችን በላይ ልብስ ሰፊ፣ ከታች ጫማ ሰፊ፣ ፊት ለፊት አናጺ። እኔ ግን በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ውስጥ ሦስት የማይዋደዱ ወገኖችን፣ ኮሌጁን፣ የሥልጠና ቢሮውንና የአሠሪዎችን ማኅበር፣ ሳግባባ ነው የኖርኩት። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደከምኩ። «ታዲያ ይኼ ስብሰባ አይደለም?» አለችኝና ክርክሩን ዘጋችው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የሠፈሩ ሰው ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ያነሣብኝ ጀምሯል፤ እስቲ አንድ ጊዜ በቅጡ ልናገረውና ይውጣልኝ።

ሥራ የጀመርኩት በኮሌጁ መዝገብ ቤት ነው። የገባውን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ አስገባለሁ፣ የወጣውን ቁጥር ሰጥቼ አስወጣለሁ። ደመወዙን ተዉት፤ ከታክሲና ከምሳ የተረፈው ለማኪያቶ ነበር። አንድ ቀን ዲኑ አስጠሩኝና «አልማዝ፣ ከነገ ጀምሮ የትብብር ሥልጠና ክፍል ነሽ» አሉኝ።

«እዚያ ምንድን ነው የምሠራው?»

«አቶ መኮንን የሚሠሩትን።»

አቶ መኮንን ምን እንደሚሠሩ ዲኑ ራሳቸው የሚያውቁት አልመሰለኝም።

የትብብር ሥልጠና ሐሳቡ ቀላል ነው። ኮሌጁ ሠልጣኙን ክፍል ውስጥ ያስተምረዋል፤ የእጁን ሥራ ግን ሠልጣኙ ጋራዥ ወይም ስፌት ቤት ወይም ኬክ ቤት ገብቶ ይማራል፤ ቢሮው ደግሞ በመጨረሻ ይመዝነውና ብቁ ከሆነ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። አስቸጋሪው ነገር ሦስቱ ወገኖች ናቸው። ኮሌጁ አሠሪውን ነፃ ጉልበት ፈላጊ ይለዋል፤ አሠሪው ኮሌጁን ወሬ ብቻ ይለዋል፤ ሁለቱ ተስማምተው የሚያሙት ቢሮውን ብቻ ነው።

ጋሽ መኮንን የቀድሞ የብረታ ብረት መምህር ነበሩ። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ከካፖርታቸው ኪስ ሜትር አይጠፋም፤ ለምን እንደሚይዙት ግን አንድም ቀን አልነገሩኝም። የስብሰባ ጥሪ በመልእክተኛ መላክ አይወዱም። ደብዳቤዎቹን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይከቱና እኔን አስከትለው በእግራቸው ይወጣሉ። ከዶሮ ማነቂያ ጀምረን፣ ውቤ በረሃን አቋርጠን፣ በሰባ ደረጃ ወርደን፣ የማንገባበት ሱቅ አይኖርም። ሥራ እንዴት እንደ ዋለ ይጠይቃሉ፣ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደ ደረሰ ይጠይቃሉ፣ የታመመ ካለ ያጽናናሉ። ስለ ስብሰባው የሚናገሩት በሩ ላይ ደርሰው ሊወጡ ሲሉ ነው። «ሐሙስ ጠዋት ብቅ በል፤ ያለ አንተ አይሆንም» ይላሉ።

«ጋሽ መኮንን፣ ለሁሉም እኮ ያለ አንተ አይሆንም እያሉ ነው» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ውሸት ነው እንዴ? አንዱ ከቀረ የትኛው ስምምነት ነው የሚሆነው?» አሉኝ።

አዳራሽ ደግሞ አይሆንላቸውም። ስለ ጋራዥ ሥልጠና ከሆነ የምንሰበሰበው ጋራዥ ውስጥ ነው። ወንበር ከሌለ የመኪና ጎማ ላይ እንቀመጣለን፤ ከቢሮ የሚመጡት ሰዎች ካርቶን አንጥፈው፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሲቀመጡ ማየት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነበር። ሁለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ጎን ለጎን እንዲቀመጡም አይፈቅዱም። «ጎን ለጎን ከሆናችሁ ትንሾካሾካላችሁ» ይሉና የቢሮውን ሰው ከጋራዡ ባለቤት፣ መምህሩን ከማኅበሩ ጸሐፊ ያዳብላሉ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃና ሰው ለመነሣት ሲቁነጠነጥ ደግሞ እጃቸውን አንሥተው «እስካሁን ያልተናገረ ማነው?» ይላሉ። ያ ሰው ሳይናገር የሚነሣ የለም።

መጀመሪያ የሄድኩበት የጋራዥ ስብሰባ ላይ ያልተናገረችው የቢሮው የሕግ ባለሙያ ነበረች። ጧት ሙሉ ጎማዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታዳምጥ ቆይታ፣ ሲጠይቋት «ልጁ ሥራ ላይ እጁ ቢቆረጥ የሚያሳክመው ማነው?» አለች። ስምምነቱ ሁሉ ተጽፎ አልቆ ነበር፤ ይህን ያሰበ ግን አልነበረም። እንደገና ተቀምጠን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተከራከርንና ተጻፈ። ሲመለሱ ጋሽ መኮንን መንገድ ላይ እያፏጩ ነበር የሚሄዱት።

እንግዲህ ወደ ኬኩ ልምጣ።

ጋሽ መኮንን ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ተደርገው አፍንጮ በር ቤታቸው በተኙበት ዓመት፣ አንድ የውጭ አገር ድርጅት ሥልጠና ልደግፍ ብሎ መጣ። ኮሌጁ በሙከራ የከፈተው የዳቦና ኬክ ክፍል ነበርና እሱ ተመረጠ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ምዘናውን ካለፉ ክፍሉ ይቀጥላል፣ ካላለፉ ይዘጋል ተባለ። እንግዶቹ ስብሰባውን በአንድ ሆቴል አዳራሽ አዘጋጁት። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከጎማ ላይ ተነሥቼ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በየጠረጴዛው የድርጅት ስም ተለጥፏል፤ ኮሌጁ ከኮሌጁ፣ ቢሮው ከቢሮው፣ ማኅበሩ ከማኅበሩ ጋር ተቀመጠ። ማይክራፎን አለ። ግድግዳው ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሠራ፣ ወራቱ በየቀለሙ ሣጥን የተከፋፈሉበት መርሐ ግብር በርቷል።

የኬክ ቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ተክሌ፣ የፒያሳ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ጨዋታ አዋቂ፣ ተነሡና ግድግዳው ላይ አረንጓዴውን ሣጥን አመለከቱ። «እዚህ ላይ ሥራ ጋብ ይልልናል፤ ልጆቹን ተረጋግተን እናስተምራለን» አሉ። አጨበጨብንላቸው። ከቢሮው የመጣው አቶ ዳንኤል «ምዘናውን እኛ ወዲያው ተከትለን እናደርገዋለን» አለ። ለእሱም አጨበጨብን። ፈረምን፣ ፎቶ ተነሣን፣ በሻይ እረፍት ክሬም ኬክ በላን።

ሠልጣኞችን ወክላ መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ሃና የምትባል ልጅ ነበረች። የእሪ በከንቱ ልጅ ናት፤ ቤታቸው ከእናቴ ቤት በሁለት በር ነው። እናቷ ታማ ከሥራ ከቀረች ወዲህ ቤቱ በእሷ ላይ ወድቋል። አንድ ትልቅ ሆቴል «የምስክር ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ፣ ቦታው ያንቺ ነው» ብሏት ነበር። በየጧቱ ታክሲ ተራ ስንገናኝ ስለ ሌላ ነገር አታወራም።

ሥልጠናው ተጀመረ። እኔም በየኬክ ቤቱ እየዞርኩ አየሁ። ልጆቹ ነጭ ቆብ አድርገው ሊጥ ሲዳምጡ፣ ፓትራ ከምድጃ ሲያወጡ፣ ሲሯሯጡ ነው የሚውሉት። ሃና የተመደበችበት አቶ ተክሌ ቤት ስደርስ የጾም ኬክ ይቀርብልኝ ነበር፤ እበላለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ «ሥልጠናው በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ነው» ብዬ ሪፖርቴን እጽፋለሁ።

ፋሲካ አለፈ፤ የምዘናው ቀን ደረሰ። በምዘና ማዕከሉ ጠረጴዛ ላይ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ወተትና ስኳር ተደርድሯል። ሥራው ክሬም ኬክ ነው። እኔ በመስኮት በኩል ቆሜ አያለሁ። ሃና እንቁላሉን ስትሰብር አስኳሉ ፈሶ ነጩ ውስጥ ገባ። ነጩ ደግሞ ትንሽ አስኳል ከነካው ቢመቱት ቢመቱት አረፋ አይሠራም። መታችው፣ መታችው፣ ክንዷ እስኪዝል መታችው፤ ውሃ እንደሆነ ቀረ። አጠገቧ ያለው ልጅ ክሬሙን ከመጠን በላይ መትቶ ቅቤ አደረገው። የሌላዋ ኬክ መሐሉ ሳይበስል ወጣ። መዛኞቹ ለሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት ሰጡ፦ ገና ብቁ ያልሆነ።

ሃና በሩ ላይ አገኘችኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን አላለቀሰችም፤ የተናደደች ነበር የምትመስለው።

«እትዬ አልማዝ፣ እኛ እኮ ኩሽና ውስጥ እንቁላል አይተን አናውቅም!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጾም ነበራ!»

አረንጓዴው ሣጥን ዐቢይ ጾም ነበር። ሥራ ጋብ የሚለውም ለዚያ ነው። በጾም የፒያሳ ኬክ ቤት እንቁላልም ቅቤም ወተትም አይነካም፤ ልጆቹ ሥልጠናውን ሙሉ የጋገሩት የጾም ኬክ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ራሴ ስጾም ነበር። ዲኑ ሲጾሙ ነበር። አቶ ተክሌማ ቅዳሴም አያስታጉሉም። ግድግዳው ላይ የፈረንጅ ወር ሲበራ አይተን ሁላችንም ጾማችንን ረሳን።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«አዳራሹ ውስጥ እጄን አንሥቼ ነበር። ማይኩ እኔ ጋ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ በእንቁላል የሚያሠሩን መስሎኝ ነበር።»

በማግሥቱ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበን ተሰዳደብን ብል ማጋነን አይሆንም። ዲኑ ማኅበሩን የልጆቹን ጉልበት በላ አሉት። አቶ ተክሌ ቢሮውን «ያስተማርናቸውን ትታችሁ ያላስተማርናቸውን ጠየቃችሁ» አሉት። አቶ ዳንኤል «ክፍሉ ይዘጋል ማለት ነው» ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። እንግዶቹ አስተርጓሚያቸውን ያያሉ፤ አስተርጓሚው ጣሪያውን ያያል።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ አፍንጮ በር ሄድኩ። ጋሽ መኮንን እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከመሐላችሁ አንድ ጿሚ አልነበረም?»

«ሁላችንም ጿሚ ነበርን፤ ዳንኤል ብቻ ነው ጴንጤ።»

ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እኔም ሳልወድ አብሬ ሳቅኩ። ባለቤታቸው ምን መጣ ብለው ከጓዳ ብቅ አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን በአንድ ጊዜ አቆሙና «ልጅቷስ?» አሉኝ።

«ሆቴሉ እየጠበቃት ነው። የምስክር ወረቀት ከሌላት ግን ለሌላ ይሰጡታል።»

«ከዘራዬን አቀብዪኝ።»

ታክሲ እንያዝ ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉ። በዚያ ጉልበት፣ በየሱቁ እየቆሙ፣ ሰላምታ እየሰጡ ፒያሳ ድረስ ሄድን። ዲኑንም አቶ ዳንኤልንም «ያለ አንተ አይሆንም» አሏቸው። በማግሥቱ ጧት ሁላችንም አቶ ተክሌ ኩሽና ውስጥ፣ በዱቄት ጆንያና በምድጃ መሐል ቆምን። ሃናም ከኋላዬ አለች። ወቅቱ የሰርግ ነበር፤ ባለ ፎቅ ኬኮች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል።

«ጋሽ መኮንን፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው» አሉ አቶ ተክሌ ክሬም እየቀቡ፣ ዓይናቸውን ከኬኩ ሳያነሡ። «ግን በሰርግ ሰሞን ለማጅ እዚህ አላስገባም። ሙሽራ እያለቀሰች ስትመጣብኝ ይታይዎት።»

«የምዘናው መርሐ ግብርም ተዘግቷል» አለ አቶ ዳንኤል። «ቢፈጥን ለሚመጣው ዓመት ነው።»

ዲኑ በጀት እንደሌለ ተናገሩ። እኔም ጥፋቱ የማንም ብቻ እንዳልሆነ ተናገርኩ። ጋሽ መኮንን ጆንያው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙና እጃቸውን አነሡ።

«እስካሁን ያልተናገረ ማነው?»

ሁሉም ዞሮ ሃናን አየ። ልጅቷ ከኋላዬ ወጣች።

«እኔ የምለው፣ ያልተማርነውን መዘናችሁን፤ የተማርነውን ግን ማን መዘነን?»

አቶ ተክሌ እጃቸው ላይ ያለውን ክሬም አስቀመጡ። ዞር ብለው አዩዋት።

«እሷስ እውነቷን ነው» አሉ። «ዳንኤል፣ የጾም ኬክ ሠርተህ ታውቃለህ? እንቁላል የለ የሚያነሣው፣ ቅቤ የለ የሚያለሰልሰው። ዘይቱ ከበዛ ይከብዳል፣ ካነሰ ይፈረፈራል። ጋዝ ባለው ውሃ አላልተህ ቶሎ ምድጃ ካላስገባኸው እንደ ጡብ ነው የሚወጣው። ይህች ልጅ የሠራችውን ደንበኛ ቀምሶ ‹በእርግጥ የጾም ነው?› እያለ ሲጨቀጭቀኝ ነው የከረመው።»

«የሙያ ደረጃው ላይ ግን የጾም ኬክ የሚባል ነገር የለም» አለ አቶ ዳንኤል።

«ለምን የለም?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ደረጃው ከውጭ አገር ነው የተወሰደው። እዚያ አይጾሙም።» ትንሽ አሰበና «እኔም አልጾምም» ብሎ ሲጨምር ኩሽናው በሳቅ ሞላ። አዳራሹ ውስጥ ከተጣላን ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር።

አቶ ተክሌ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ያለ እንቁላል የሠራች እጅ በእንቁላል አያቅታትም። ነገ ትግባ።»

«ሌሎቹስ?» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ኧረ ጋሽ መኮንን!»

«ሌሎቹስ?»

አቶ ተክሌ ስልካቸውን አወጡና ለማኅበሩ አባላት ይደውሉ ጀመር። አቶ ዳንኤልም ተዘግቷል ያለውን መርሐ ግብር ሊያስከፍት የቢሮውን ክፍሎች አንድ በአንድ በእግሩ ዞረ፤ የጋሽ መኮንን ጥሩ ተማሪ ነበር። ልጆቹ የሰርጉን ወቅት ሙሉ እንቁላል እየሰበሩ፣ ክሬም እየመቱ፣ እየተቆጡም እየተመረቁም ሠሩ። መዛኞቹን እኛ ማዕከሉ ድረስ አልሄድንባቸውም፤ እነሱ አቶ ተክሌ ኩሽና መጡ። ሁሉም አላለፈም፤ ሁለተኛ ጊዜ የወደቁ ነበሩ፣ በኋላ ቆይተው ነው ያለፉት። ሃና ግን የእንቁላሉን ነጭ መትታ ሳህኑን ገልብጣ አሳየቻቸው፤ ጠብ አላለም።

ሆቴሉ ግን ቦታውን ለሌላ ሰጥቶት ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የምስክር ወረቀቷን ይዛ ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስ አራት ኪሎ አገኘኋት፤ አቀፍኳት። አቶ ተክሌ በሰሙ ቀን ነው የቀጠሯት።

ክፍሉ ሳይዘጋ ቀረ። አቶ ዳንኤል በደረጃው ላይ የጾም ኬክ ራሱን የቻለ የሙያ ክፍል ሆኖ እንዲገባ አደረገ፤ መመሪያው ላይም የኬክ ሙያ ሠልጣኞች ሥልጠናቸው በዐቢይ ጾም ብቻ እንዳያልቅ የሚል አንቀጽ ጨመርን። ከዚያ በኋላ ስንት አለቃ መጣ፣ ስንት ሄደ። አንዱ ሪፖርት በየሳምንቱ ይወድ ነበር፣ አንዱ ጨርሶ አያነብም። የቢሮው ስም በተቀየረ ቁጥር ማኅተም እንቀይራለን። ከጋራዥ እስከ ፀጉር ቤት ብዙ ስምምነት አስፈርሜአለሁ፤ ሁሉንም ግን ሥራው ባለበት ቦታ፣ ቆመንም ይሁን ጎማ ላይ ተቀምጠን ነው። ጋሽ መኮንን ካረፉ ቆይተዋል። በጣም ይናፍቁኛል።

ፒያሳም ያችው ፒያሳ አይደለችም። አቶ ተክሌ ቤት የነበረበት ሕንፃ ፈርሶ መንገድ ሆኗል፤ እሳቸውም ሥራውን ለልጆቻቸው ትተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሃና ግን አፍንጮ በር አካባቢ የራሷን ኬክ ቤት ከፍታለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዳቦ የምገዛው ከእሷ ነው።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ጧት ስገባ፣ ከቢሮው የመጣ ወጣት ባለሙያና አንዲት የኮሌጅ መምህርት ከሃና ጋር ተቀምጠዋል። ዳቦዬን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ። ወጣቱ ፊት ለፊቱ ታብሌት ከፍቷል።

«መመሪያው እየተሻሻለ ነው» ይላል። «ይህን የጾም አንቀጽ ልናወጣው ነው። መርሐ ግብር ያጣብብብናል። ማን እንዳስገባውና ለምን እንዳስገባው የሚያውቅ ሰው አላገኘንም።»

መምህርቷ በመስማማት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እኔ ዳቦዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«የምትበላው ምንድን ነው?» አለችው ሃና።

«ኬክ ነዋ።»

«ምን ኬክ?»

«የጾም... ጿሚ ነኝ እኮ።»

«ና ተነሥ፤ አንቺም ነይ» ብላ ሁለቱንም ወደ ኩሽና ይዛቸው ገባች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እኔንም በዓይኗ ጠራችኝ። ምድጃው አጠገብ አቆመችንና «እስቲ እንቁላል ፈልግልኝ» አለችው። ወጣቱ መደርደሪያውን አየ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር አየ። ከዚያ ቀና አለና ቀስ እያለ ፈገግታ ፊቱን ሞላው። መምህርቷ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«እሺ» አለ ታብሌቱን እየዘጋ። «ገባኝ። ይቆያል።»

ሊወጣ እግሩን ሲያነሣ ሃና እጇን አነሣች።

«እስካሁን ያልተናገረ ማነው?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ጡረተኛ ነኝ ልላቸው ነበር። ግን ጆንያው ላይ ተቀመጥኩና ስለ አረንጓዴው ሣጥን፣ ስለ ጋሽ መኮንን ከዘራ፣ ዛሬ አንቀጽ ስለሆነው ስለዚያ ሁሉ ነገርኳቸው፤ ዳቦዬ ጭኔ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ። ወጣቱ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጠኝ ቆየ።

«ይቅርታ እናቴ፣ እርስዎ ግን ምንድን ነበር የሚሠሩት?» አለኝ።

«ስብሰባ» አልኩት።